ሁለቴ ካልተንኳኳ

ትኬት ቆራጩ ከተማዋን የሚያውቃት ከኋላዋ ነው። መቀመጫው ከአውቶቡሱ የኋላ በር አጠገብ፣ ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ የተበየደ ስለሆነ ሕንፃም ሆነ ዛፍ፣ ሱቅም ሆነ ሰው የሚታየው ካለፈው በኋላ ነው። ሌላው ሰው ሊደርስበት ሲል የሚያየውን እሱ ትቶት ሲሄድ ያየዋል። መታጠፊያ መድረሱን የሚነግረው ዓይኑ ሳይሆን ወገቡ ነው፤ ወደ ግራ ካዘነበለ የዳቦ ቤቱ ጥግ፣ ወደ ቀኝ ካዘነበለ የሆስፒታሉ አጥር። ጉርምስናውንም ጎልማሳነቱንም እዚያ ወንበር ላይ ጨረሰ። አሁን ፀጉሩ ሸብቷል፤ ጉልበቱ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል።

የአውቶቡሱ ደወል መቼ እንደተበላሸ የሚያስታውስ የለም። የሚጠግነው ስለጠፋ ትኬት ቆራጩ ጣቱ ላይ ባለው ወፍራም የብረት ቀለበት የመያዣውን ቧንቧ ያንኳኳል። አንድ ጊዜ ካንኳኳ ወራጅ አለ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ካንኳኳ ደግሞ የወረደው ወርዷል፣ የተሳፈረው ተሳፍሯል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ሂድ ማለት ነው። ሹፌሩ ከፊት ሆኖ ይህን ይሰማል፤ ሳይሰማ ንቅንቅ አይልም።

ሹፌሩን የሥራ ባልደረቦቹ አባ ዝም ይሉታል። ሰላምታን እንኳ በቅንድቡ የሚመልስ ሰው ነው። ሁለቱ ከአሥር ዓመት በላይ በአንድ አውቶቡስ ሲሠሩ የተነጋገሩት ሁሉ ቢሰበሰብ የአንድ ቀን የጎረቤት ወሬ አይሞላም። አንዱ ያንኳኳል፣ ሌላው ይሄዳል፤ ሲመሽ ሁለቱም ቅንድባቸውን አንስተው ይለያያሉ። ለዚህ ደግሞ ብዙ ቃል አያስፈልግም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ትኬት ቆራጮቹ በሙሉ በአውቶቡሶቹ ማደሪያ፣ በዴፖው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኃላፊው ጉሮሮአቸውን ጠራርገው ተናገሩ። አዲስ አውቶቡሶች ሊገቡ ነው። ተሳፋሪው ካርዱን በር ላይ ካለው ማሽን ጋር ያስነካል፤ በሩን ሹፌሩ ራሱ ቁልፍ ተጭኖ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ትኬት ቆራጭ የሚባል ሥራ ከእንግዲህ የለም።

«ማንም አይባረርም» አሉ፣ አዳራሹ ሲያጉረመርም እጃቸውን አንስተው። «የማሽን ፈተናውን ያለፈ የሹፌርነት ሥልጠና ይገባል። ያላለፈ እጥበት ክፍል ይመደባል።»

እጥበት ክፍል ከዴፖው ጀርባ ያለው ሜዳ ነው። የጎማ ቦቲ ያደረጉ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በሳሙናና በዘይት ውሃ ውስጥ ቆመው ጎማና ቆርቆሮ ይፈትጋሉ። እዚያ ሁለት ክረምት የከረመ ሰው አረማመዱ ከሩቅ ይታወቃል።

«የማሽን ፈተና ማለት ምንድን ነው?» ሲል አንዱ ጠየቀ።

«ወንበር አለው፣ መሪ አለው፣ ፍሬን አለው፤ መንገዱ ደግሞ ስክሪን ላይ ነው። ልጆች ቤታቸው የሚጫወቱት ጌም ነው እኮ፣ ያው ራሱ! የእኛ ስክሪኑ ተለቅ ይላል እንጂ።»

ሰዉ ሳቀ። ትኬት ቆራጩ አልሳቀም፤ ጉልበቱን እያሻሸ ነበር።

ቤት ሲገባ ነገሩን ለሚስቱ ነገራት። ልብስ እያጣጠፈች ሰማችው፤ እጥበት የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ።

«በዚህ ጉልበትህ ውሃ ውስጥ ልትቆም ነው?»

«ካላለፍኩ ነዋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዲያው እለፍ! መሪ ይዘህ ተቀምጠህ ብትሠራ ምን አለበት?»

«አሁንስ ተቀምጬ አይደል የምሠራው?»

«የት ተቀመጥክ! ተሰቅለህ እንጂ።» ሸሚዙን አጥፋ ከላዩ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ወንድሜ ዘንድ ያ መጫወቻ አለ አይደል? ሂድና ተማር። እሱ እንደሆነ ከመቀሱ ይልቅ መሪውን ሲይዝ ነው የሚውለው።»

የሚስቱ ወንድም ፀጉር አስተካካይ ነው። ሁለት ወንበር ካላት ፀጉር ቤቱ ጥግ፣ ወረፋ ጠባቂ እንዳይሰለች ብሎ፣ ጠረጴዛ ላይ መሪ አሥሮ፣ ከሥሩ ፔዳል ዘርግቶ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ ስክሪን ሰቅሏል። ራሱ መንጃ ፈቃድ የለውም። በዚያ ጥግ ግን አውቶቡስም፣ ከባድ መኪናም፣ አንድ ሰሞን ደግሞ የመንገድ መጥረጊያ መኪና ነድቷል።

ትኬት ቆራጩ በማግስቱ ከሥራ እንደወጣ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ ሄደ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ አንድ በያጅ ተቀምጦ ይላጫል። በያጁ ከጆሮው በላይ ከቀረችው በስተቀር ፀጉር የለውም፤ የሚመጣው ለወሬው ነው።

«ጋሼ፣ ና እንጂ ተቀመጥ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ቶንዶሱን እንደያዘ። «መጀመሪያ ወንበርህን አስተካክል። ከዚያ ስፖኪዮህን።»

«የቱን ስፖኪዮ?»

«ስክሪኑ ላይ ያለውን። በዚህች ቁልፍ ነው የሚዞረው።»

ትኬት ቆራጩ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ መቀመጡ ራሱ እንግዳ ሆነበት። ቁልፉን ሲነካ ሞተሩ ተነሣ፤ መሪው በእጁ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ደንግጦ ለቀቀው።

«ነዘረኝ!»

«አይነዝርም፣ ሞተሩ ነው። እንደ እውነተኛው ነው የሚንቀጠቀጠው።»

«እውነተኛውንማ ይዤው ባውቅ!»

ሊሄድ የነዳጁን ፔዳል ቢረግጥ አውቶቡሱ አልሄደም። ፀጉር አስተካካዩ የፍሬኑ አየር እስኪሞላ መጠበቅ እንዳለበት ሊያስረዳው አፉን ሲከፍት፣ ከድምፅ ማጉያው «ፍሽሽ» የሚል ድምፅ ወጣ። ትኬት ቆራጩ የአየር መለኪያውን መርፌ ሳያይ «ሞላ» አለ። ይህን ድምፅ ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ሲሰማው ነው የኖረው። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ የሚገባው መሰለው።

የገባው ግን ያችው ብቻ ነበረች። ፍሬኑን ሲረግጠው ፔዳሉ በሴራሚኩ ላይ ተንሸራቶ ጠረጴዛው ሥር ገባ፤ እግሩም ተከትሎት ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ እርጥብ ፎጣ አጥፎ ከሥሩ ወሸቀለት። ቀጥሎ መታጠፊያ መጣ። ወገቡ ምንም አላለውም። ዓለሙ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ወደ ግራ ሲዞር እሱ በድን ሆኖ ተቀምጧል። ሊያግዘው ብሎ ሰውነቱን ወደ ጎን አጋደመና መሪውን ዘግይቶ ጠመዘዘ፤ የአውቶቡሱ ፊት ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጨ።

«ምሰሶውን አየኸው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ሲያልፍ ነው የማየው።»

በያጁ ፎጣው ውስጥ ሆኖ በሳቅ ተንፈራፈረ። «ቀስ! ጆሮዬን እንዳትቆርጠኝ አንተ! ሰውየው ከኋላ ጀምሮ ነው እንዴ ሹፌር የሆነው?»

እውነትም እንደዚያ ነበር። የአውቶቡሱ ፊት ያላገኘው ነገር የለም፤ ምሰሶ፣ የቆመ መኪና፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ። የኋላው ጫፍ ግን የማንንም ቀለም አልነካም። ሲታጠፍ ጅራቱ የት ላይ እንደሚወድቅ ትኬት ቆራጩ ስፖኪዮውን ሳያይ ያውቀዋል።

እንደ ምንም መጀመሪያው ፌርማታ ደረሰ። ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ወዲያ ወዲህ ተያዩ፤ የቆመው የኋላው በር ከፌርማታው ምሰሶ ትይዩ እንዲሆን አድርጎ ነበርና የፊቱ በር ከሰው ርቆ ቁጥቋጦ ላይ ተከፈተ። ስክሪኑ ላይ «ከቦታው አልፈዋል» የሚል ጽሑፍ ብልጭ አለ።

«ትክክል ነው የቆምኩት» አለ ትኬት ቆራጩ።

«ለአንተ ወንበር ነዋ ትክክሉ! አሁን ሹፌር ነህ ጋሼ። የፊቱን በር ነው የምታስተካክለው።»

የተሳሉት ሰዎች እየተራመዱ መጥተው ተሳፈሩ። በሩን ዘጋ። መንገዱ ነጻ ነው፤ ፍሬቻውም ይበራል። ትኬት ቆራጩ እጁን መሪው ላይ፣ እግሩን ፍሬኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ተቀመጠ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ በጌሙ ድምፅ አጉረመረመች።

«ጋሼ?»

«አቤት?»

«ምን ትጠብቃለህ?»

ትኬት ቆራጩ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። ምን እንደሚጠብቅ አያውቅም። እግሩ ግን አንድ ነገር ይጠብቃል።

«ሂድ እንጂ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። አውቶቡሱ ወዲያው ተንቀሳቀሰ።

የዚያን ቀን ሦስተኛው ፌርማታ ሳይደርስ መሪውን ለቆ ተነሣ። ዓይኑ ይሄዳል፣ ገላው ግን ተቀምጧል፤ ሁለቱን ማስታረቅ አልቻለም። በሩ ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። በያጁ ተላጭቶ ሲወጣ ትከሻውን ቸብ አደረገው። «አይዞህ ወንድሜ። ሰው እኮ እውነተኛ መኪና ገጭቶም ይተርፋል።»

ከዚያ በኋላ ከሥራ በወጣ ቁጥር ይሄድ ጀመር። ቀኑን ሙሉ ሲንገጫገጭ የዋለ ወገብ ይዞ ሌላ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ነበረበት። አንዳንዴ ፊቱን ቀዝቃዛ ውሃ ካልነካው ስክሪኑ ሁለት ይሆንበታል። ቢሆንም ተሻሻለ። ምሰሶዎቹን ከመድረሱ በፊት ማየት ለመደ። የፊቱን በር ከፌርማታው ማስተካከልም ቻለ፤ ከወገቡ ጋር እየተጣላ መታጠፊያን በዓይኑ ማመን ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ እየላጨ በመስታወት ውስጥ ያየዋል፤ «ዝናብ ላብራልህ?» ይለዋል፣ እሱም «ተው፣ የውሃ ነገር አታንሣብኝ» ይላል።

መጠበቁ ብቻ አልለቀቀውም። በር በዘጋ ቁጥር እግሩ ፍሬኑ ላይ ይተኛል። መሄድ እንዳለበት ልቡ ያውቃል፤ እግሩ ግን የልቡ አሽከር አይደለም። በየፌርማታው ፀጉር አስተካካዩ ካለበት ሆኖ «ሂድ!» ይላል። እሱ ሲደክመው በያጁ ይተካል። አንዳንዴም ወረፋ የሚጠብቅ የማያውቀው ሰው ጋዜጣውን ሳያወርድ «ሂድ በሉት እንጂ» ይላል።

«ጋሼ፣ የፈተናው ዕለት ማን ሊጮህልህ ነው?» አለው ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን፣ ፀጉር እየጠረገ።

«እኔም እሱን ነው የማስበው።»

«ሹፌሮቹ ምን አይተው ነው የሚሄዱት?»

ትኬት ቆራጩ ይህን አይቶ አያውቅም፤ ወደ ኋላ ዞሮ ሲሠራ የኖረ ሰው ሹፌሩ ምን እንደሚያደርግ በምን ያውቃል? በማግስቱ ሥራ ላይ ሆኖ አንገቱን አዞረ። ፌርማታ ላይ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር አባ ዝምን አየው። መንገዱን አይመለከትም። በጋቢናው መስታወት ውስጥ ወደ ኋላ፣ ወደ ትኬት ቆራጩ ቀለበት ነው የሚያየው። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። አባ ዝም ቅንድቡን አነሣ፤ ምን ሆነህ ነው የዞርከው ማለቱ ነው። ትኬት ቆራጩ አፍሮ ተመለሰና ሁለቴ አንኳኳ።

ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት አባ ዝም ፀጉር ቤቱ መጣ። ሊላጭ ይሁን ሊያይ አልተናገረም። ወንበሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሠረለት። «አሳጥረው» አለ። ሌላ ቃል የለም።

ጥጉ ላይ ትኬት ቆራጩ ፌርማታ ደርሶ ቆሟል። ሰዎቹ ተሳፍረዋል፣ በሩ ተዘግቷል። ፀጉር አስተካካዩ ሊጮህ ትንፋሹን ሲስብ አባ ዝም ከጨርቁ ሥር እጁን አውጥቶ የወንበሩን ብረት በጣቱ አጥንት መታ። ቋ፣ ቋ።

አውቶቡሱ በእርጋታ ተነሣ። እስካሁን ከሄደበት ሁሉ በተሻለ ልስላሴ ከፌርማታው ወጥቶ መስመሩን ያዘ።

ያን ቀንም ለወሬ መጥቶ የነበረው በያጅ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ይኼን ሰውዬማ ለፈተናው ተከራዩት!»

አባ ዝም ቀጣዩ ፌርማታ ላይም መታ፤ ከዚያ በኋላ ያለውም ላይ። መስመሩ ሲያልቅ ትኬት ቆራጩ ከወንበሩ ተነሥቶ በመስታወቱ ውስጥ አየው።

«አየህ አይደል፣ ምን እንዳመመኝ?» አለው።

ቶንዶሱ ከጆሮው ኋላ ወረደ፣ ወጣ።

«አዲሱን አውቶቡስ አስሞከሩኝ» አለ አባ ዝም በመጨረሻ።

«እሺ?»

«ፌርማታ ላይ ቆሜ ቀረሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ቶንዶሱን አጠፋ።

«ወጣቶቹ በሩ ሲዘጋ ይሄዳሉ» አለ አባ ዝም። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገር ማንም ሰምቶት አያውቅም። «እኔ በር ተዘጋ ብዬ አልሄድም። በር የሰው ኮት ይዞም ይዘጋል። ሁለቴ ካልተንኳኳ ማን አየልኝ?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔ እንጃ።» አባ ዝም መስታወቱን አየ። «ደክሞኛል። የጎኑን ትንሽ አንሣልኝ።»

ፈተናው ዴፖው ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበር። መሃሉ ላይ የእውነት የአውቶቡስ ወንበር፣ በፊቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ስክሪን አለ። የምትፈትነው አሠልጣኝ ወጣት ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች። ቀኑን ሙሉ ስትፈትን ስለዋለች ድምፅዋ ሻክሯል።

«ጥያቄ አለዎት?»

«ማውራት ይቻላል?»

«ከማን ጋር?»

«ከራሴ ጋር።»

«ይችላሉ። ማሽኑ አይሰማም።»

ጀመረ። አየሩ ሲሞላ አወቀ። ከዴፖው ሲወጣ የአውቶቡሱ ፊት ከበሩ ምሰሶ በክንድ ያህል ራቀ። መታጠፊያውን በዓይኑ አይቶ ዞረ። መጀመሪያው ፌርማታ ላይ የፊቱን በር ከምሰሶው አስተካክሎ ቆመ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። እግሩም እንደፈራው ተኛ።

«ሂድ» አለ ለራሱ። ድምፁ ሲወጣ ሰማው። እግሩ አልሰማም፤ የራሱ ድምፅ ለእግሩ ምንም ትእዛዝ ሆኖ አያውቅም። አሠልጣኟ ሰዓቷን ስታይ ልብሷ ሲንኮሻኮሽ ተሰማው። በቀኙ ስፖኪዮ የተሳለውን በርና የተሳለውን ጎዳና አየ። ኮት የተያዘበት ሰው የለም። ቀለበቱን አንሥቶ የማሽኑን ጎን ሁለቴ መታ። ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ብረቱ አይጮህም፣ ዱብ ዱብ ይላል። እግሩ ትንሽ አሰበና ተነሣ።

በየፌርማታው እንዲሁ አደረገ። ያያል፣ ያንኳኳል፣ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ጊዜ ይባክናል፤ ሰዓቱ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀይ መሆን ጀመረ። ቢፈጥን ይችል ነበር። እግሩን ጨክኖበት ቢያነሣው ከዚያ ቀይ ቁጥር ሊያመልጥ ይችል ነበር።

ከመጨረሻው በፊት ያለው ፌርማታ ላይ ሁለቴ አንኳኩቶ አውቶቡሱን ሲያንቀሳቅስ፣ በስፖኪዮው ውስጥ ቀይ ቱታ የለበሰ ሰው ሲሮጥ አየ። እጁን እያወናጨፈ ከኋላ ወደ በሩ ይመጣል። ትኬት ቆራጩ አላሰበም፤ ፍሬኑን ያዘ፣ በሩን ከፈተ። ሰውየው የኋላውን በር አለፈ። የፊቱንም አለፈ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይዞር መንገዱን ይዞ ሮጠና ጥጉ ላይ ታጥፎ ጠፋ። ከኋላ የተሳሉት መኪኖች ጡሩምባቸውን ነፉ።

«ለምን ቆሙ?» አለች አሠልጣኟ።

«የሚሮጥ ሰው አለ።»

«እሱ ስፖርት የሚሠራ ሰው ነው። ለማሳመሪያ ነው የተሳለው። ፈተና በተጀመረ ቁጥር ይሮጣል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። እስከ ዛሬ የቆመለት ሰው አላየሁም።»

ትኬት ቆራጩ ሰውየው የታጠፈበትን ጥግ አየ። «አይደክመውም?» አለ።

አሠልጣኟ መነጽሯን አውርዳ አደረገችና በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ግን አልቆየም። መስመሩ ሲያልቅ ስክሪኑን አንብባ ወደ እሱ ዞረች።

«መሪዎ ጥሩ ነው። ፍጥነትዎም። የኋላው ጫፍ… እስካሁን ከፈተንኳቸው ሁሉ እንደ እርስዎ ንጹሕ የለም። ሰዓቱ ነው እንጂ። በየፌርማታው ቆዩ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያለ ምክንያት ቆሙ።»

«አላለፍኩም ማለት ነው?»

«አላለፉም።» መነጽሯን መልሳ ግንባሯ ላይ ሰቀለች። «ሌላ ዙር ይኖር ይሆናል።»

«መቼ?»

«አይታወቅም። ቢኖርም እነዚያን ቆይታዎች መተው አለብዎት።»

እሺ ብሎ ተነሣ። ጉልበቱ ከወንበሩ ሲነሣ ጠቅ አለ። በሩ ጋ ሲደርስ አሠልጣኟ ጠራችው።

«ይቅርታ፣ ሲያንኳኩ የነበረው ለማን ነው?»

«ለሹፌሩ» አላት። በሩን ዘግቶ ወጣ።

ሚስቱ ስትሰማ አልጮኸችም። ሳጥኑን ከፍታ ስታገላብጥ ቆይታ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ አወጣች። «ደርበህ አድርጋቸው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

እጥበት ክፍል በገባበት ሳምንት አዲሶቹ አውቶቡሶች ሥራ ጀመሩ። ነጭ ናቸው፤ ረጃጅም ናቸው። ሲመሻሽ ሜዳው በር ላይ ተራ ይይዛሉ። ለመታጠብ ወደ ኋላ እየሄዱ በሁለት የሲሚንቶ ምሰሶዎች መካከል መግባት አለባቸው። ድሮ የየአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ ወርዶ ይመራ ነበር፤ አሁን የሚወርድ የለም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የተሰባበረ የኋላ መብራትና የተፈገፈገ ነጭ ቀለም በምሰሶዎቹ ሥር ይለቀም ነበር።

ትኬት ቆራጩ ባልዲ ይዞ ቆሞ አንዱ ወጣት ሹፌር ምሰሶውን ለሦስተኛ ጊዜ ሊስም ሲል አየ። ባልዲውን አስቀምጦ ከአውቶቡሱ ኋላ ሄደ። ማንም አላዘዘውም። ጅራቱ በትክክል ቦታው ላይ ሲደርስ ቆርቆሮውን በቀለበቱ አንድ ጊዜ መታ። አውቶቡሱ ቀጥ አለ።

የእጥበት አለቃው ከሳሙናው በርሜል ቀና አለ። «ማነው የመታው?»

«እኔ ነኝ።»

አለቃው ምሰሶውንም አውቶቡሱንም አየ። መካከላቸው እጅ ያስገባል። «እንግዲያው ባልዲውን ተወው» አለ። «እዚያው ከኋላ ቁም።»

ያም ቢሆን ቦታው ደረቅ አይደለም። ውሃው የሚወርደው ወደዚያው ነው። ሆኖም በውሃው ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንደመፈተግ አይሆንም፤ አውቶቡስ በማይኖርበት ጊዜ ግንብ ላይ ይቀመጣል። ለሚስቱ ይህን ሲነግራት «ካልሲውስ?» አለችው። «ይረጥባል» አላት። «እንግዲያው ሦስተኛ ጥንድ እንግዛ» አለች።

ሹፌሮቹ ቶሎ ለመዱት። አንድ ሲመታ ይቆማሉ። ታጥበው ሲያልቁ ግን ምልክት አይጠብቁም፤ ውሃው እንደቆመ ሞተራቸውን አስነሥተው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ሲመሻሽ የአባ ዝም ተራ ደረሰ። ወደ ኋላ ገባ፣ አንድ ሲመታለት ቆመ። አውቶቡሱ ሲታጠብ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ትኬት ቆራጩ በጎኑ ተራምዶ ቀረበው።

«መንገዱ እንዴት ሆነልህ?» አለው።

«ራሴ እመታለሁ። ዳሽቦርዱን።»

«ይሠራል?»

አባ ዝም አሰበ። «አይሠራም» አለ። «ግን እሄዳለሁ።»

ትኬት ቆራጩ ራሱን ነቅንቆ ወደ ኋላ ተመለሰ። አጣቢዎቹ ጨርሰው ቱቦውን ዘጉ። አረፋው በነጩ ቆርቆሮ ላይ እየተንሸራተተ ወረደ። የአባ ዝም በር ተዘግቷል፣ ሞተሩም ይሠራል፤ ከፊቱ ያለው መንገድ ባዶ ነው። አውቶቡሱ አልተንቀሳቀሰም። ቀጥሎ ተራ የያዘው ሹፌር ጡሩምባ ነፋ።

«ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ?» አለ አለቃው። «ሂድ እንጂ!»

አልሄደም። ትኬት ቆራጩ በአውቶቡሱ ጎን በኩል ወደ ቀኙ ስፖኪዮ አየ። መስታወቱ ውስጥ ሁለት ዓይኖች ነበሩ። የጎማ ጓንቱን ጎትቶ አወለቀ። አውቶቡሱን ዞሮ ከሥሩ አየ፤ የተረሳ ቱቦ የለም፣ ባልዲ የለም፣ ከጎማው አጠገብ የቆመ ሰው የለም። ከዚያ ቆርቆሮውን ሁለቴ አንኳኳ።

አውቶቡሱ በልስላሴ ተነሥቶ ሄደ። ትኬት ቆራጩ ጅራቱ ምሰሶዎቹን እስኪያልፍ ቆሞ ጠበቀና ጓንቱን መልሶ አጠለቀ። ውስጡ ውሃ ገብቶ ነበር።